ከገጽ ወደ ገጽ፦ የገጽ ቅብ ባለሙያው እንደ አንባቢ

1. መነሻ

በአማርኛ «ገጽ» ስንል ሁለት ነገር እንላለን። መጽሐፍ ገልጠን የምናነበው ገጽ ነው፤ ሰው ስናገኝ የምናየውም ገጽ ነው። በተውኔትና በልብ ወለድ ውስጥ የሚመላለሰውን ሰው «ገጸ ባሕርይ» ስንለው ደግሞ ባሕርዩንና ገጹን በአንድ ቃል አስረን ነው። በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ያደገ ተማሪ ይህን ነገር በሁለት ቋንቋ ያውቀዋል፤ በአፋን ኦሮሞም «ፉላ» የሰው ፊት ነው፣ የመጽሐፍ ገጽም ነው።

የዚህ መጣጥፍ ዓላማ ይህ የቃል ዝምድና ከአጋጣሚ ያለፈ ቁም ነገር እንዳለው ማሳየት ነው። የፊልምና የቴሌቪዥን የገጽ ቅብ ባለሙያ፣ በተለምዶ አጠራር የሜካፕ ባለሙያ፣ ሥራው በወረቀት ላይ ያለውን ገጽ አንብቦ በሰው ገጽ ላይ መጻፍ ነው። ባለሙያው ማስዋብ ቢያውቅም ዋና ሙያው ንባብ ነው ማለቴ ነው። ንባብ ከሆነ ደግሞ ትክክለኛ ንባብና የተሳሳተ ንባብ አለው፤ የተሳሳተው ንባብም ዋጋ የሚያስከፍለው ሰው አለ። ይህን ለማስረዳት በመጀመሪያ የሙያውን ጠባይና መንገድ፣ ቀጥሎ በአገራችን ያለፈበትን ታሪክ በአጭሩ እገልጻለሁ። ከዚያም አምቦ ካፈራችው ጸሐፊ ተውኔት ከጸጋዬ ገብረ መድኅን ሥራዎች ሦስት ፊቶችን እወስዳለሁ። በመጨረሻም የምዕራብ ሸዋን ገበሬ ፊት እመለከታለሁ።

2. ሙያውና መንገዱ

የገጽ ቅብ ባለሙያ የፊልም ጽሑፍ ሲደርሰው በመጀመሪያ የሚያወጣው ብሩሽ ሳይሆን እርሳስ ነው። በየትዕይንቱ ሦስት ጥያቄዎች ይጠይቃል። የገጸ ባሕርይው ዕድሜ በዚህ ትዕይንት ስንት ነው? ከዚህ ትዕይንት በፊት በአካሉ ላይ ምን ደርሷል፤ ታሟል፣ ቆስሏል፣ አልቅሷል፣ ሳይተኛ አድሯል? ኑሮው የት ነው፤ ፀሐይ ላይ ነው ጥላ ሥር፣ ደጋ ነው ቆላ? ለእነዚህ መልስ የሚያገኘው ከጽሑፉ ነው። ጽሑፉ ካልተናገረ ደግሞ ከተናገረው ተነሥቶ ይገምታል። ይህ የእኛ ተማሪዎች በገጸ ባሕርይ ትንተና ፈተና ላይ የሚሠሩት ሥራ ነው፤ ልዩነቱ መልሱ የሚጻፈው በቆዳ ላይ መሆኑ ብቻ ነው።

ፊልም በታሪኩ ቅደም ተከተል አይቀረጽም። የመጨረሻው ትዕይንት በመጀመሪያው ቀን፣ ቁስሉ ከድብድቡ አስቀድሞ ሊቀረጽ ይችላል። ስለዚህ ባለሙያው የእያንዳንዱን ትዕይንት ፊት በፎቶግራፍና በማስታወሻ ይይዛል። በግራ ቅንድብ ላይ የነበረ ጠባሳ ከሁለት ሳምንት በኋላ በቀኝ ቢገኝ ተመልካቹ የታሪኩን ሐሰትነት በአንድ አፍታ ይነቃል። በተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ደግሞ ይህ ማስታወሻ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት መዝለቅ አለበት።

የዕቃው ሳጥንም የራሱ ቋንቋ አለው። ፋውንዴሽኑና ፓውደሩ የቆዳን ቀለም ያስተካክላሉ። ኮሎዲዮን የሚባለው ፈሳሽ ሲደርቅ ቆዳን ስለሚሸበሽብ የቆየ ጠባሳ ያስመስላል። ላቴክስ የእርጅናን መጨማደድና የቁስልን እብጠት ለመሥራት ያገለግላል፤ ግሊሰሪን ላብና እንባ ይሆናል፤ ከስኳር ሽሮፕና ከምግብ ቀለም ደም ይበጃል። ከዚህ ሁሉ በላይ ንጽሕና ይቀድማል። ዓይን ማዝ በሽታ በብዙ ገጠሮቻችን በሚገኝበት አገር አንድን የኩል ብሩሽ ለአሥር ተዋናይ ማዳረስ ወንጀል ሊባል የሚገባው ነው። በየገበያው የሚሸጠው የኩል ዱቄት ብዙ ጊዜ እርሳስ የተባለው መርዛማ ማዕድን እንዳለበትም ሊታወቅ ይገባል።

ለመሆኑ ሰው ወደዚህ ሙያ እንዴት ይገባል? የዓለም ፊልም ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ይሰጠናል። እ.ኤ.አ. በ1922 የተወለደው አሜሪካዊው ዲክ ስሚዝ የጥርስ ሐኪም ለመሆን ያስብ የነበረ ተማሪ ነበር። አንድ የገጽ ቅብ መጽሐፍ አገኘና በራሱ ፊት ላይ ተለማመደ። እ.ኤ.አ. በ1945 ኤንቢሲ በተባለው የቴሌቪዥን ድርጅት የመጀመሪያው የገጽ ቅብ ኃላፊ ሆነ። በ1970 በወጣው «ሊትል ቢግ ማን» ፊልም ተዋናዩን ደስቲን ሆፍማንን የ121 ዓመት ሽማግሌ አደረገው። የእርጅናን ፊት እንደ አንድ ጭንብል ከማልበስ ይልቅ በብዙ ቁራጭ ከፋፍሎ የሚለጥፍበት ዘዴው የተዋናዩን ፊት እንዲንቀሳቀስ ነፃ ተወው። ሌላው ቁም ነገሩ የሙያ ምሥጢሩን ሳይሸሽግ በደብዳቤ ለጠየቁት ወጣቶች ማካፈሉ ነው። ይሁንና ሙያው በሆሊውድ እንኳ መደበኛ የኦስካር ዘርፍ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1981 ነበር፤ ለዚህም መነሻ የሆነው ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የወጣው «ዘ ኤለፋንት ማን» የተባለው ፊልም ገጽ ቅብ ያለ ሽልማት መቅረቱ ያስነሣው ቅሬታ ነው።

3. በአገራችን

የተውኔታችን ታሪክ ሲጻፍ ጸሐፊው፣ አዘጋጁና ተዋናዩ ይነሣሉ፤ ፊትን የሠራው ሰው አይነሣም። ነገር ግን ሥራው ከመጀመሪያው ነበረ። በ1913 ዓ.ም. ግድም የቀረበው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜድያ» ገጸ ባሕርያቱ እንስሳት ነበሩ። ሴቶች ወደ መድረክ ከመምጣታቸው በፊት በነበሩት ዓመታት የሴት ገጸ ባሕርይ ይጫወቱ የነበሩት ወንዶች ነበሩ። ጎረምሳን እናት፣ ወጣትን ሙሽራ አድርጎ ለሕዝብ ያቀረበ አንድ እጅ ነበረ ማለት ነው። የዚያን እጅ ስም ግን አናውቀውም።

የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ሲመሠረት፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ሲከፈት የመድረክ ገጽ ቅብ ቋሚ ቦታ እያገኘ ሄደ። የመድረክ ገጽ ቅብ ከሩቅ የሚነበብ ጽሕፈት ነው፤ መስመሩ ይወፍራል፣ ጥላው ይጠቁራል፣ ከኋላ ወንበር ያለው ተመልካችም ማየት አለበት። በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ ሲጀምርና በዚያው ግድም «ሂሩት አባቷ ማነው» የተባለው ፊልም ሲሠራ ንባቡ ከቅርብ ሆነ። ካሜራ ከተዋናዩ ጉንጭ በአንድ ክንድ ርቀት ስለሚቆም በመድረክ እርጅና የነበረው መስመር በካሜራ ፊት የከሰል ጭረት ይሆናል። ቴሌቪዥኑ በ1977 ዓ.ም. መባቻ ግድም ወደ ባለቀለም ሲሸጋገር ደግሞ ግራጫው ሁሉ ቀለም ሆነና የቆዳ ትክክለኛ ቀለም ጥያቄ ተነሣ። ለነጭ ቆዳ ታስቦ የተቀመመ ፋውንዴሽን በጠይም ፊት ላይ አመድማ እንደሚሆን ያን ጊዜ በግልጽ ታየ። ዛሬ በከፍተኛ ጥራት የሚቀርጹ ካሜራዎች የሰው ሠራሽ ጢም ጠርዝን እንኳ ይገልጣሉ።

በ1971 ዓ.ም. ግድም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል መከፈቱ ለሙያው የትምህርት በር ከፈተ። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የሚካሄደው የጉማ ፊልም ሽልማትም ገጽ ቅብን ከሚሸለሙት ዘርፎች አንዱ አድርጎታል። የሽልማቱ ስም የተወሰደው ሚሼል ፓፓታኪስ በ1960ዎቹ ካዘጋጀው «ጉማ» ፊልም ነው። ቃሉ በኦሮሞ ሕዝብ ባህል የደም ካሣንና ዕርቅን የሚመለከተው ሥርዓት መጠሪያ በመሆኑ ለምዕራብ ሸዋ አንባቢ እንግዳ አይደለም።

4. ከአምቦ የተነሡ ሦስት ፊቶች

ጸጋዬ ገብረ መድኅን ነሐሴ 11 ቀን 1928 ዓ.ም. በአምቦ አቅራቢያ ቦዳ በተባለ ስፍራ ተወለደ። ገና የአምቦ ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለ «ንጉሥ ዳዮኒሰስና ሁለቱ ወንድማማቾች» የሚል ተውኔት ጽፎ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት እንደቀረበለት ይታወቃል። አንድ የአምቦ ሕፃን የጥንት የባዕድ ንጉሥ ሆኖ በመድረክ ሲቆም ፊቱ ምን መምሰል ነበረበት? ጥያቄው የልጅ ጨዋታ ቢመስልም ጸሐፊውን እስከ መጨረሻው ተከትሎታል።

የመጀመሪያው ፊት የኦቴሎ ነው። ጸጋዬ የሼክስፒርን «ኦቴሎ» በ1950ዎቹ ወደ አማርኛ መለሰው። በአውሮፓ መድረክ የዚህ ተውኔት ገጽ ቅብ ለረጅም ዘመን ነጭ ተዋናይን ማጥቆር ነበር፤ እንግሊዛዊው ሎሬንስ ኦሊቪዬ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1964 በመድረክ፣ በ1965 በፊልም ጠቁሮ ተጫውቶታል። አዲስ አበባ ላይ ጥያቄው ይገለበጣል። ኦቴሎ ቅብ አያሻውም፤ ባዕድ መሆን ያለባቸው የቬኒስ ሰዎች ናቸው። ዴዝዴሞናን በዱቄት እናንጣት? ወይስ ሁሉንም በተፈጥሮ ፊታቸው ትተን ልዩነቱን በልብስ፣ በፀጉርና በአነጋገር እንግለጸው? የመጀመሪያውን የመረጠ ባለሙያ ተውኔቱን የቀለም ታሪክ አድርጎ አነበበው። ሁለተኛውን የመረጠ ደግሞ የባይተዋርነት፣ በሰው አገር አገልግሎ ያለመታመን ታሪክ አድርጎ አነበበው። በእኔ አስተያየት ለኢትዮጵያዊ ተመልካች የሚቀርበው ሁለተኛው ነው። ሆኖም ዋናው ነጥብ ይህ ክርክር የሥነ ጽሑፍ ክርክር መሆኑና የሚፈታውም በመልበሻ ክፍል ውስጥ በመስተዋት ፊት መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ፊት የዐፄ ቴዎድሮስ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በሕይወት ሳሉ የተነሡት ፎቶግራፍ አይታወቅም። ያለን የአውሮፓውያን ሥዕሎች፣ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ፍጻሜ በኋላ አስከሬናቸውን አይተው እንግሊዞች የነደፉት መልክና የሕዝቡ ትውስታ ነው። ከሁሉም በላይ የጸናው ምልክት ሹሩባው ነው። እንግሊዞች ከመቅደላ ከወሰዱት መካከል የንጉሡ የፀጉር ቁራጭ ነበረበት፤ ለንደን የሚገኘው የብሔራዊ ጦር ሙዚየም ለኢትዮጵያ የመለሰው በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ነው። ጸጋዬም ሆነ ከእርሱ በፊት ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በቴዎድሮስ ላይ ተውኔት ጽፈዋል። ባለሙያው ታዲያ ሹሩባውን ጎንጉኖ ብቻ ቢያቆም የሠራው ሐውልት እንጂ ሰው አይደለም። ንጉሡ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡና በመቅደላ ሲሞቱ አሥራ ሦስት ዓመታት አልፈዋል፤ በሞቱበት ጊዜ ሃምሳ ዓመት ግድም ነበሩ። በእነዚህ ዓመታት መካከል ያለውን ዘመቻ፣ ሐዘንና ብቸኝነት ከዓይናቸው ሥር መጻፍ የባለሙያው ድርሻ ነው።

ሦስተኛው ፊት የአቡነ ጴጥሮስ ነው። «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» በርእሱ ጊዜን ይወስናል፤ ያቺ ሰዓት ናት። አቡኑ በፋሺስት ኢጣልያ የተገደሉት ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ ጸጋዬ ከተወለደበት ቀን ጋር ስናመዛዝነው በመካከሉ አሥራ ዘጠኝ ቀን ብቻ አለ። አቡኑ እጅ በገቡ በአጭር ጊዜ ውስጥ ስለተገደሉ በረጅም እስር የከሳና ጉንጩ የጎደጎደ ፊት መሥራት የታሪክ ስሕተት ይሆናል። ወሩ ሐምሌ፣ ጊዜው ክረምት ነው። ስለዚህ ፊታቸው ላይ ሊነበብ የሚገባው የእንቅልፍ ማጣት፣ ብርድና ጭቃ፣ ከዚህም ሁሉ በላይ ውሳኔ ነው። ውሳኔን በቀለም መሥራት አይቻልም። ባለሙያው እዚህ ላይ እጁን ሰብስቦ ቦታውን ለተዋናዩ ይለቃል። መቀባት የት እንደሚያበቃ ማወቅም የንባቡ ክፍል ነው።

5. የገበሬው ፊት

ከላይ ያነሣኋቸው የታላላቅ ሰዎች ፊቶች ናቸው፤ ስለ እነርሱ የሚከራከር ሰው አይጠፋም። ማንም የማይከራከርለት ፊት የገበሬው ነው። በቴሌቪዥን ድራማዎቻችንና በአንዳንድ ፊልሞች «የገጠር ሰው» እንዲሆን የተፈለገ ተዋናይ ፊቱ ጥላሸት ይቀባል፣ ጥርሱ ይጠቁራል፣ ፀጉሩ ላይ አቧራ ይነሰነሳል። በአምቦ፣ በጉደርና በግንጪ ተማሪዎች ባቀረቧቸው ትርኢቶችም ይኸው ሲደገም አይቻለሁ፤ የገበሬ ልጆች አባታቸውን ለመምሰል ከሰል ሲፈጩ! ይህን የተማሩት ከቤታቸው ሳይሆን ከሠሩት ምስሎች ነው።

እስቲ ፊቱን እናንብበው። የግንጪና የአምቦ ገበሬ በደጋ ፀሐይ ይውላል። ፀሐይ ቀድማ የምታጠቁረው የጉንጭ አጥንቱን፣ አፍንጫውንና የአንገቱን ኋላ ነው። ባርኔጣ ወይም ሻሽ የሚሸፍነው ግንባሩ ከጉንጩ ይቀላል፤ ባርኔጣውን ሲያወልቅ ድንበሩ ይታያል። ከብርሃን የተነሣ ዓይኑን ሲያጠብብ ስለኖረ በዓይኑ ጠርዝ ቀጫጭን መስመሮች አሉ፤ ሲስቅ የመስመሮቹ ውስጥ ቀላ ብሎ ይታያል። እጁ ከፊቱ ይልቅ ያረጃል። ጭቃም ቢሆን አድራሻ አለው። በግንጪ ሜዳ እግር ላይ የሚደርቀው ጥቁር መረሬ አፈር ነው፤ ወደ ባኮ ወርደን በበቆሎው አገር የምናገኘው ቀላ ያለ አፈር ነው። ሁለቱን በአንድ የጥላሸት ቀለም የሠራ ባለሙያ ሁለቱንም አገር አላየም።

ከዚህ የሚበልጠው ደግሞ ይህ ነው። ገበሬው ገበያ ሲወጣ፣ ለቅሶ ሲደርስ፣ ፍርድ ቤት ሲቆም ታጥቦ፣ የታጠበ ልብሱን ለብሶ፣ ጋቢውን አጣፍቶ ነው። ሴቲቱም ፀጉሯን ተሠርታ፣ ቅቤዋን ተቀብታ ትወጣለች። ድራማዎቹ ገበሬውን የሚያሳዩት ብዙ ጊዜ ከተማ ሲገባ ሆኖ ሳለ ከማሳው ተነሥቶ እንደመጣ አድርገው ያቆሽሹታል። እዚህ ላይ ስሕተቱ የቀለም ብቻ መሆኑ ይቀራል። ጽሑፉ «ድኻ ነው» ሲል ባለሙያው «ቆሻሻ ነው» ብሎ አነበበ። በምዕራብ ሸዋ አንድ ቤት ውስጥ ከልጆቹ ጋር ቴሌቪዥን የሚያየው አባት ያን ፊት የራሱ ነው ተብሎ ሲቀርብለት ዝም ብሎ ያልፈዋል፤ ዝምታውን ግን እንደ ስምምነት ልንቆጥረው አይገባም።

ቋንቋችንም ለዚህ ዓይነቱ ንባብ ወጥመድ አለው። «ፊቱ አመድ መሰለ» የሚል ዐረፍተ ነገር የሚደርሰው ባለሙያ አመድ አይነሰንስም። ድንጋጤ ደምን ከፊት ያሸሻል፤ በጠይም ቆዳ ላይ ይህ የሚታየው ከንፈር ሲደበዝዝና ከዓይን ሥር ሲገረጣ ነው። «ፊቱን አጠቆረ» የሚለው ደግሞ ቀለም ጭራሽ አይሻም፤ የተዋናዩ ቅንድብ ይበቃዋል። ፈሊጥን እንደ ፈሊጥ ማንበብ የማይችል ሰው ጥሩ ገጽ ቅብ ሊሠራ አይችልም።

6. ማጠቃለያ

በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ይህን ሙያ የሚሹ ወጣቶች እንጀራቸውን በአብዛኛው የሚያገኙት ከሙሽራ ነው። በጥር ወር የሠርግ ወቅት የውበት ሳሎኖች ሌሊት ይከፈታሉ። ይህ የሚናቅ ትምህርት ቤት አይደለም። የብዙ ሰው ቆዳ በእጅ ይዳሰሳል፣ ንጽሕና ይለመዳል፣ በሰዓት መጨረስም ይለመዳል። የሙሽራ ሥራ የማያስተምረው አንድ ነገር አለ። ሙሽራን መኳል ሁሉንም ሰው ወደ አንድ ውበት ማቅረብ ሲሆን ገጸ ባሕርይን መሥራት እያንዳንዱን ሰው ከሌላው መለየት ነው። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው የሚያሻግረው ድልድይ ንባብ ነው፤ ንባብን የማስተማር ኃላፊነት ያለብን ደግሞ እኛ ነን።

ስለሆነም ሁለት ነገር አሳስባለሁ። የመጀመሪያው ለተማሪዎች ነው። ተውኔት ስትተነትኑ ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ገቢር በገቢር የፊቱን ሁኔታ የሚገልጽ አንድ ቅጠል ወረቀት አዘጋጁ፤ ዕድሜውን፣ በአካሉ ላይ የደረሰውን፣ ኑሮውን ጻፉ፤ ማስረጃችሁንም ከጽሑፉ ጥቀሱ። ማስረጃ ያጣችሁለት ቦታ ላይ ጸሐፊው ዝም ያለበትን ምክንያት መመርመር ትጀምራላችሁ። ሁለተኛው ለተመራማሪዎች ነው። የመድረክ ገጽ ቅብ በየምሽቱ በውሃና በቅባት ይታጠባል፤ የፊልሙ ቢቀር እንኳ የሠራው ሰው ስም በመጨረሻው ዝርዝር ውስጥ በጥድፊያ ያልፋል። ስለዚህ በሕይወት ያሉት ባለሙያዎች ሳያልፉ እንጠይቃቸው፤ የትዕይንት ፎቶግራፎቻቸውንና ማስታወሻዎቻቸውን እንሰብስብ፤ ስለ አንድ ዝግጅት ስንጽፍ ፊቱን ማን እንደሠራው እንጻፍ። የጽሑፉን ገጽ በቤተ መጻሕፍት እናስቀምጣለን፤ ሁለተኛው ገጽ ግን ካልተመዘገበ ተዋናዩ ፊቱን በታጠበበት ውሃ አብሮ ይፈስሳል።